«ታገሺ» ከማለታችሁ በፊት፦ አንዱን የታሮት ካርድ ለሥራ፣ ለገንዘብና ለፍቅር እንዴት እናነበዋለን?

ጅማ ላይ ሐምሌ ከገባ ዝናቡ መቆሚያ የለውም። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር እንኳን የሰው ወሬ የራስን ሐሳብም አያሰማ። እንዲህ ባለ ቀን ነው ጓደኛዬ ቤቴ መጥታ፣ በርጩማ ስባ ተቀምጣ፣ ቶናው እየተቀዳ «እስኪ አንድ ካርድ አውጪልኝ» ያለችኝ።

በወዝኩ። ቆረጠች። አወጣች። ሰባት ሳንቲም የሚባለው ካርድ።

«ምን ይላል?»

«ታገሺ ይላል። የደከምሽበት ሊበስል ነው።»

ደስ አላት። ሲኒዋን አስቀምጣ ጉንጬን ሳመችኝ። እኔም አዋቂ የሆንኩ መሰለኝ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ስለ ምን እንደምትጠይቅ አልጠየቅኳትም ነበር። እኔ ስለከፈተችው ትንሽ ሱቅ መስሎኛል፤ እሷ ግን በልቧ የያዘችው ውጭ አገር ሄዶ በዓል በዓል ብቻ የሚደውልላትን ሰውዬ ነው። ሁለት ዓመት ታገሰች። ሰውዬው እዚያው አገባ። እስከ ዛሬ ስንጣላ «ያንቺ ካርድ!» ትለኛለች፤ ምን እመልሳለሁ? እውነቷን ነው።

ካርዱን በሥራ በኩል ካየነው መልሴ ብዙም ስህተት አልነበረም። በፍቅር በኩል ግን ያው ሥዕል ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። አንድ ካርድ ብቻ ይዘን እሱኑ በተለያየ የሕይወት ጉዳይ እያዟዟርን እናነባለን። ዘዴውን ከያዛችሁት ለሌሎቹም ይሠራል።

ለጀማሪ ትንሽ ስለ ታሮቱ

ታሮት 78 ካርድ ነው። 22ቱ ሜጀር አርካና ይባላሉ፤ ፀሐይ፣ ሞት፣ ግንብ፣ ባሕታዊ እያሉ የራሳቸው ስም ያላቸው ናቸው። የቀሩት 56 ማይነር አርካና ሲሆኑ ልክ እንደ መጫወቻ ካርታ በአራት ቤት ይከፈላሉ፦ ዋንጫ፣ ሰይፍ፣ በትር እና ሳንቲም። እያንዳንዱ ቤት 14 ካርድ አለው፤ ከአንድ እስከ አሥር፣ ከዚያ ብላቴና፣ ፈረሰኛ፣ ንግሥት፣ ንጉሥ። ዋንጫ ስሜትን ይይዛል። ሰይፍ ሐሳብንና ንግግርን፣ በትር ወኔንና መነሳሳትን። ሳንቲም በእጅ የሚዳሰሰውን ሁሉ፦ ገንዘብ፣ ሥራ፣ መሬት፣ ገላ።

«ከጥንት ግብፅ ካህናት የወረደ ምስጢር ነው» የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ የተጀመረ የካርታ ጨዋታ ነው። ሰው ዕጣውን ሊያይበት የጀመረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የግብፁን ወሬ በ1781 የነዛው ኩር ደ ዤብላን የሚባል ፈረንሳዊ ጸሐፊ ሲሆን፣ ያን ጊዜ የግብፅን የሥዕል ጽሕፈት ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ማን ይከራከረው?

እኔ የምጠቀምበት በ1909 ለንደን ውስጥ የወጣውን ነው። አሳቡ የአርተር ኤድዋርድ ዌይት፣ ሥዕሉ የፓሜላ ኮልማን ስሚዝ። ከዚያ በፊት በነበሩት በአብዛኞቹ ካርታዎች ላይ ሰባት ሳንቲም ማለት ሰባት ክብ ብቻ ነበር። ስሚዝ ግን ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰው፣ ቦታ፣ ታሪክ ሳለችለት። ለጀማሪ የምመክረውም ይሄንኑ ነው። እዚህ ከተማ ሱቅ ገብቶ መግዛት ይከብዳል፤ የኔን አንዲት ዘመዴ ከውጭ ይዛልኝ መጣች። ስልክ ላይም አፕ ሞልቷል። እሱም ካልሆነ ተራውን መጫወቻ ካርታ ውሰዱና ቀዩን ዳይመንድ በሳንቲም ቦታ፣ ቀዩን ልብ በዋንጫ ቦታ አድርጉት፤ ሥዕሉን፣ 22ቱን ሜጀሮችና አራቱን ፈረሰኞች ነው የምታጡት።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ካርዱ ነገ የሚሆነውን ያውቃል ብዬ አላምንም። እናቶቻችን ሲኒ ገልብጠው አተላውን እያዩ «መንገድ አለሽ» ሲሉ ዋናው ነገር አተላው ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ካርድም ለኔ እንደዚያ ነው፤ ሰው አፍኖ የያዘውን ለማውራት ሰበብ ይሆነዋል። እምነቴ አይፈቅድልኝም የምትሉ እዚህ ጋ ብትተዉት አልቀየምም። እናቴ ራሷ ሳጥኑን ባየች ቁጥር ታማትባለች።

አንደኛ፦ ጥያቄውን ቆንጥጣችሁ ያዙ

ከመበወዝ በፊት ጥያቄው ወረቀት ላይ ይጻፍ። በአንድ ዓረፍተ ነገር። የትኛው ጉዳይ ነው? ማንን ይመለከታል? እስከ መቼ ያለውን ነው የምናየው? ሦስቱ ካልተመለሱ ካርድ አታውጡ።

«ሕይወቴ እንዴት ይሆናል?» ጥያቄ አይደለም። «ያለሁበትን ሥራ እስከ መስከረም ልቆይበት ወይስ ሌላ መፈለግ ልጀምር?» ጥያቄ ነው። «ይወደኛል?» ግማሽ ጥያቄ ነው፤ በሰው ልብ ውስጥ ያለውን ለማየት አትሞክሩ፤ «እኔ በዚህ ግንኙነት ውስጥ ምን እያደረግኩ ነው?» ብላችሁ ወደ ራሳችሁ መልሱት።

ለምን በጽሑፍ? ሰው ካርዱን ካየ በኋላ ጥያቄውን ይቀይራል፤ ሆን ብሎ አይደለም። ጥሩ የሚመስል ካርድ ከወጣ «ስለ ፍቅር ነበር ያሰብኩት» ይላል፤ አስፈሪ ከወጣ «አይ፣ ስለ ሥራ ነው» ይላል። እኔም ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ወረቀቱ ያሳፍራችኋል።

ሁለተኛ፦ ትርጉሙን ሳትፈልጉ ሥዕሉን እዩ

ካርዱ ከወጣ በኋላ ቶሎ ስልክ አንስታችሁ «ሰባት ሳንቲም ትርጉም» ብላችሁ አትፈልጉ። ሲኒ ቡና እስኪበርድ ድረስ ዝም ብላችሁ እዩት። ከዚያ የምታዩትን ብቻ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ትርጉም አትጨምሩበት።

እስኪ አብረን እንሞክረው። አንድ ወጣት ሰው ቆሟል። መሣሪያው ላይ ተደግፏል፤ ዌይት በጽሑፉ «በትር» ይለዋል፤ ገጠር ያደገ ሰው ግን ጫፉን ሲያይ ዶማ ነው ይላል፣ እኔም ከገጠሬው ጋር ነኝ። እጆቹን ከላይ ደራርቦ አገጩን አስደግፎባቸዋል። አጠገቡ የለመለመ ተክል አለ። ተክሉ ላይ እንደ ፍሬ የተንጠለጠሉ ስድስት ሳንቲሞች አሉ። ሰባተኛዋ እግሩ ሥር መሬት ላይ ናት። ሰውዬው ወደ ተክሉ ነው የሚያየው። ፊቱ? ደስ ያለው አይደለም፣ ያዘነም አይደለም። የደከመው ይመስላል፤ ወይም ስሌት ይዟል።

ሌላ ሰው የለም። ይህን ልብ በሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ጎረቤቴን አንድ ቀን ይህን ካርድ ሳሳያቸው «የኛ ሰውዬ ነው እኮ፣ ኩትኳቶ ጨርሶ ቡናውን የሚያይ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ካርዱን ሌላ አድርጌ ማየት አልቻልኩም። ጅማ ለሚኖር ሰው ከዚህ የቀረበ ካርድ ያለ አይመስለኝም።

ሦስተኛ፦ ካርዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀምጡት

ይህ ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ጉዳይ የማይቀየር መሆን አለበት። የኔ ይህ ነው፦ የደከመበትን ነገር ቆም ብሎ የሚመዝን ሰው። «ትዕግሥት» የሚለው ቃል የለበትም፤ ሆን ብዬ ነው። ትዕግሥት ከሚዛኑ በኋላ ሊመጣ የሚችል አንድ ውሳኔ ነው፤ መተውም ሌላው ነው። ዌይት አባል የነበረበት ጎልደን ዶውን የሚባለው የእንግሊዝ ማኅበር ለዚህ ካርድ የሰጠው ስም በአማርኛ «ያልተፈጸመ ስኬት» ቢባል ነው። አያችሁ? ስኬት አለ፤ ግን አላለቀም። ያልቃል ብሎም ማንም ቃል አልገባም።

ቀጥሎ ሥዕሉን በአራት ክፈሉት፦ ሰውዬው፣ ዶማው፣ ተክሉ፣ ሳንቲሞቹ። ከዚህ በኋላ ሥራችሁ በጉዳዩ ውስጥ ለእያንዳንዳቸው ስም መስጠት ነው። ሰውዬው ማነው? ዶማው ምንድነው፣ ማለትም እስካሁን የተደከመው ድካም? ተክሉ ምንድነው? የተንጠለጠሉት ስድስቱ ምንድናቸው፣ የወረደችውስ አንዷ? ዘዴው በሙሉ ይኼው ነው። ለአራቱም ስም ካገኛችሁላቸው ንባቡ ራሱ ይመጣል። ለአንዱ ስም ካጣችሁለት ደግሞ ችግሩ ያለው እዚያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱም ያው ነው።

አራተኛ፦ ወደ ጉዳዩ ውሰዱት

*ሥራ።* ካርዱ እዚህ ቤቱ ነው። የቡና ችግኝ ተተክሎ የመጀመሪያ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። በሁለተኛው ዓመት ሄዶ «ፍሬ የለውም፣ ነቅዬ ባሕር ዛፍ ልትከልበት» የሚል ሰው ሞኝ ነው። በሰባተኛው ዓመት ፍሬ የሌለው ቡና ሥር ቆሞ «እታገሳለሁ» የሚልም እንደዚያው። ስለዚህ ለጠያቂው የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንተኛ ዓመትህ ነው?» የሚል ይሁን። የጀመረው ባለፈው ወር ከሆነ ካርዱ «ገና ነህ፣ ኮትኩት» ይላል። አምስት ዓመት አንድ ቦታ ሆኖ ደመወዙም ዕውቀቱም ካልጨመረ ሌላ ይላል።

ሌላም አለ። ቡና አንድ ዓመት ተሸክሞ አንድ ዓመት ያርፋል። ንግድ ላይ ያለ ሰው አንዱ ዓመት ስለቀዘቀዘ ብቻ ሱቅ ሊዘጋ ሲነሳ ይህን አስታውሱት። ያረጀ ቡና ደግሞ ይጎነደላል። ጉንደላን ያላየ ሰው መጀመሪያ ሲያይ ይደነግጣል፤ ደህና የቆመ ግንድ ከሥሩ ከፍ ብሎ ይቆረጥና ጉቶ ብቻ ይቀራል። ገበሬው የዚያን ዓመት ምርት አጥቶ፣ ቀጥሎም ጠብቆ፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ሰባት ሳንቲም በሥራ ጥያቄ ሲወጣ እኔ ሦስቱንም በሮች እከፍታለሁ፦ መኮትኮት፣ ማሳረፍ፣ መጎንደል። የትኛው እንደሆነ ጠያቂው ያውቀዋል። እንደማያውቅ ይሆናል እንጂ ያውቀዋል።

*ገንዘብ።* ዓይናችሁን ከተክሉ አንሱና መሬት ላይ ወዳለችው ሳንቲም መልሱ። በእጅ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ስድስቱ ያምራሉ፣ ግን ተክሉ ላይ ናቸው። ገና ያልተከፈለ ደመወዝ፣ «እሰጥሻለሁ» የተባለ ብድር፣ ያልደረሰ የዕቁብ ዕጣ፣ ሁሉም ተንጠልጣይ ነው። ቡናው አበባ ላይ እያለ ገንዘብ ተቀብሎ በልቶ፣ ለቀማው ሲደርስ የሰው እጅ የሚያይ ገበሬ እዚህ አካባቢ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በገንዘብ ጥያቄ ላይ ንባባችሁ አጭር ይሁን፦ የወረደችው ስንት ናት? በሷ ብቻ ስንት ወር ትኖራላችሁ? ጠያቂው በጣቱ ሲቆጥር ዝም በሉ።

*ፍቅር።* እዚህ ጋ ረጋ እንበል፤ እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

በፍቅር ጥያቄ የመጀመሪያው ነገር ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። በታሮቱ ውስጥ ሁለት ሰው ያለባቸው ካርዶች አሉ፤ ሁለት ዋንጫን ብታዩ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆመው ዋንጫ ይዘዋል። እዚህ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ዶማ። ታዲያ ሁለተኛው ሰው የት ነው? ይህን ሳትጠይቁ «ይበስላል» ብትሉ የኔን ስህተት ደገማችሁት።

ያኔ ጓደኛዬን ጥያቄውን አስጽፌያት ቢሆን ኖሮ እንዲህ እንሄድ ነበር። ሰውዬው ማነው? እሷ ናት። ዶማውስ? የምትደውለው እሷ፣ እናቱን በዓል ላይ ሄዳ የምትጠይቀው እሷ፣ ከመጣላት ሰው ሁሉ «ቃል አለብኝ» ብላ የምትሸሸው እሷ። ተክሉ? ግንኙነቱ። ስድስቱ? «እመጣለሁ፣ እወስድሻለሁ፣ ቤት እንሠራለን»። የወረደችው አንዷስ? እዚህ ጋ ዝም ትል ነበር። አንድም የወረደ ነገር አልነበረማ። ያን ዝምታ እኔ በ«ታገሺ» ሞላሁት።

ካርዱ ግን ሁልጊዜ መጥፎ ዜና አይደለም። ለተጋቡ ሰዎች ሲወጣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ንባብ ይሰጣል። ከሠርጉ በኋላ ያለውን፣ ፎቶ የማይነሱበትን ዘመን ነው የሚያሳየው፤ ልጅ ማሳደጉን፣ የቤት ኪራዩን፣ ደክሞ መግባቱን። ሰውዬው ቆም ብሎ አየ። አረም ገብቷል ወይ? ዶማውን ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው ወይ የሚይዘው? ባልና ሚስት አንድ ላይ ተቀምጠው ይህን ካርድ ቢያዩት ጥሩ ነው፤ አንዴ ሳደርገው ባልየው ዶማውን በጣቱ እያሳየ «ይሄ እኔ ነኝ» ሲል ሚስቲቱ ሳቋ አላቆም ብሏት ነበር።

ብቻቸውን ላሉ ሰዎች ጥያቄው ሌላ ነው። ተክል አለ ወይ? ካፌ ተቀምጦ ስልክ መነካካት መትከል አይደለም። ሰባት ሳንቲም በጉጉት ለሚጠብቅ ሰው የተሳለ ካርድ አይደለም፤ አስቀድሞ ለቆፈረ ሰው ነው።

*ቤተሰብ።* ተክሉን ማን ነው የተከለው? ብዙ ጊዜ አባት ወይም አያት ነው፣ ዛሬ ዶማውን የያዘው ልጅ ነው፣ ፍሬውን የሚጠይቁት ወንድም እህቶች ናቸው። የርስት ጉዳይ፣ የታመመ ወላጅ ማስታመም፣ ታናናሾችን ማስተማር ሁሉ እዚህ ይገባል። «ብቻዬን ነው የምለፋው» የሚል ስሜት ካርዱ ላይ በደንብ ይታያል። ሰው ይህን ሲያይ ያለቅሳል፤ ሶፍት አዘጋጁ።

*ትምህርት።* ቶሎ እንለፈው። ዩኒቨርሲቲ ያሉ ልጆች ፈተና ሲደርስ «አልፋለሁ?» ብለው ይመጣሉ። ካርዱ ዶማውን ያሳያል። ያጠና ያውቃል።

*ጤና።* ካርድ በሽታ አያውቅም። ሆዱን የሚያመው ሰው ካርድ ካወጣላችሁ ካርዱን መልሳችሁ ሳጥን ውስጥ ከታችሁ ሐኪም ቤት ላኩት፤ ይህ ላይ ድርድር የለም። ስለ ድካምና ዕረፍት ከሆነ ግን ማውራት ይቻላል። ሰውዬው መሣሪያው ላይ ተደግፎ ነው የቆመው። ራሱን መቻል ያቃተው ይመስላል፤ ግን መሬት ላይ አልተቀመጠም። እንዲህ «ቆሞ የሚያርፍ» ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ፤ መስታወት ውስጥ አያታለሁ።

አምስተኛ፦ ተገልብጦ ከወጣስ?

አንዳንዱ ሰው የተገለበጠ ካርድ አያነብም፤ ቀና አድርጎ ይቀጥላል። ምርጫችሁ ነው። እኔ አነባለሁ፤ ግን «ተገልብጧልና መጥፎ ነው» አልልም። ካርዱን እንደተገለበጠ ተዉትና እንደገና እዩት፦ ሳንቲሞቹ አሁን የሚወድቁ ይመስላሉ፣ ሰውዬው በጭንቅላቱ ተዘቅዝቋል፣ ዶማው ወደ ላይ ነው። ያው ሚዛን ነው፣ ግን ተዛብቷል። በሥራ ላይ ሲሆን ሳይበስል መቅጠፍ፤ ወይም ደግሞ ተቃራኒው፣ ያለቀለትን ነገር እልህ ይዞት መኮትኮት። በፍቅር ላይ ሲሆን ውለታ መቁጠር፤ «ይህን አደረግኩልህ፣ አንተስ?» የሚለው ሒሳብ።

በገንዘብ ላይ ደግሞ ዌይት የጻፈላት አንዲት ጥርት ያለች ትርጉም አለች፦ ሊያበድሩት ስለታሰበ ገንዘብ መጨነቅ፤ ሰጪው ነው የሚጨነቀው። ከመቶ ዓመት በፊት ለንደን ተቀምጦ የኛን ሰፈር ያወቀ ነው የሚመስለው።

ስድስተኛ፦ ጎረቤት ካርድ ጨምሩ፣ ግን አታብዙ

አንዱ ካርድ ሦስት በር ከከፈተ (መኮትኮት፣ ማሳረፍ፣ መጎንደል ያልነውን አስታውሱ) ሁለተኛ ካርድ አውጥታችሁ ጎኑ አስቀምጡ። ስምንት ሳንቲም ከመጣ፣ አንድ ባለሙያ አጎንብሶ ሳንቲም የሚቀርጽበት ነው፤ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ ማለት ነው። ስምንት ዋንጫ ከመጣ፣ ቀይ ካባ የለበሰ ሰው የደረደራቸውን ዋንጫዎች ትቶ በሌሊት ወደ ተራራው ይሄዳል፤ ይህ መተው ነው፣ ለጓደኛዬ ያኔ ሁለተኛ ካርድ ባወጣላት ይህ በወጣ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። አራት ሰይፍ ከሆነ ፈረሰኛው እጆቹን አጋጥሞ ተጋድሟል፤ ዕረፉ። ሜጀሮቹ ውስጥ 13ኛው፣ ሞት የሚባለው፣ ከሰባት ሳንቲም ጎን ከወጣ አትደንግጡ፤ እኔ ጉንደላ ብዬ ነው የማነበው።

ሦስተኛ፣ አራተኛ እያላችሁ ከቀጠላችሁ ግን የምትፈልጉት ካርድ እስኪመጣ እያወጣችሁ ነው። ሁለት ይበቃል።

ሰባተኛ፦ ደብተር ያዙ

ቀን፣ ጥያቄ፣ ካርድ፣ የሰጣችሁት ንባብ። ሌላ ምንም። ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። መጀመሪያ አካባቢ የኔ ደብተር ላይ ለማንም ለምንም «ትዕግሥት» የሚል ሞልቶበት ነበር፤ ሳነበው አፈርኩ።

አሁን አንድ ሙሉ ንባብ

ቅድም ያልኳችሁ ጎረቤቴ እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። ጥቅምት ላይ ነው፣ ግቢው ውስጥ የተሰጣው ቡና ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። ሁለተኛው ቡና ላይ ካርዱን አምጪው አሉኝ።

«ስለ ምን ይሁን?» አልኳቸው።

«ስለ ሁሉም።»

«ስለ ሁሉም አይሆንም፣ እትዬ። አንድ ነገር ይምረጡ።»

ቅር እያላቸው አሰቡ። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላቸዋል። ሌላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሊገዙበት አስበው ሳለ ታናሽ ወንድማቸው ለመኪና ቅድመ ክፍያ አበድሪኝ ብሏቸዋል። ጻፍኩት፦ «የዕቁቡን ገንዘብ ለወንድሜ ላበድር?» ጉዳዩ ገንዘብ ነው፤ ከሥሩ ግን ቤተሰብ አለ። ሁለቱንም ከላይ አሰፈርኩ።

በወዝኩ፣ በግራ እጃቸው ቆረጡ። ያው ሰባት ሳንቲም፣ ተገልብጦ። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ደነገጥኩ፤ የዌይት ትርጉም ቀጥታ የብድር ጉዳይ ስለሆነች አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት። ብናገራት «ካርዱ እንዳላበድር ከለከለኝ» ብለው ለወንድማቸው ይነግሩት ነበር፤ እኔ ደግሞ በሰው እህትና ወንድም መሃል ገብቼ መውጫ አጣለሁ።

ሥዕሉን እናንብበው አልኳቸው። ሰውዬው ማነው? «እኔ ነኛ፣ ወገቤን ይዤ።» ዶማው? ምጣዱን አሉ፤ ሌሊት አሥር ሰዓት መነሳቱን፣ ጭሱን፣ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ በማገዶ መጋገሩን። የወረደችው አንዷ ሳንቲም ደግሞ ዕቁቡ ናት፤ ተገልብጦ ስለወጣ ከላይ ሆና ልትወድቅ ነው የምትመስለው፤ ራሳቸው ናቸው ይህን ያሉት። ስድስቱ? ሊገዙት ያሰቡት ምጣድ የሚያመጣው።

«ቤተሰብ ብለን ደግሞ እንየው» አልኩ። «አሁን ሰውዬውን ወንድምዎ ያድርጉት።»

ካርዱን አነሱት። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት፣ ቀና አድርገው አዩት፣ መልሰው ገለበጡት። ትንሽ ቆይተው «የሱ ዶማ የታለ?» አሉ። እኔ ምንም አልመለስኩም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አበድረውት ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ምን እንደሆነ ነገሩኝ፣ እዚህ አልጽፈውም። ሲጨርሱ ሁለተኛ ካርድ ላውጣ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ተይው፣ አንቺ ልጅ» አሉና ጀበናውን ለበረካ መልሰው ጣዱት። «ስልኬን አቀብይኝ። ይምጣና እሱ ራሱ ይንገረኝ፣ ምን ቆፍሮ እንደሆነ።»